ቆዳ ሲቆጣ

ማለዳ በየማደሪያችን ቧንቧ ዙሪያ ተሰልፈን ስንታጠብ የሚያየን ሰው በጽዳት ጉድለት ሊወቅሰን አይችልም። አንዱ በልብስ ሳሙና ፊቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ያሻል፤ ሌላው ሎሚ ቆርጦ ጉንጩ ላይ ይጨምቃል፤ በሌላው ማደሪያ ደግሞ አንዷ ከመደብር የገዛችውን ክሬም መስተዋት ፊት ቆማ ትቀባለች። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ግን ወደ ትምህርት ክፍል ስንገባ «ፊቴን ያቃጥለኛል»፣ «ቆዳዬ ተወጠረብኝ»፣ «ፀሐይ ሲነካኝ ይለበልበኛል» የሚለው ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። መድኃኒቱስ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የአብዛኞቻችን መልስ አንድ ነው፤ እንደገና መታጠብ፣ እንደገናም ሌላ ነገር መቀባት።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ለማስረዳት ነው። የሚያቃጥል ፊት ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ የበዛበት ፊት ሳይሆን አጥሩ የላላበት ፊት ነው። አጥሩ የላላበት ባላገር ደግሞ አጥሩን ይጠግናል እንጂ የቀረውን እንጨት አይነቅልም። ይህ የቁንጅና ወሬ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ በዚሁ ምክንያት ፈተና ሳትፈተን የቀረች ጓደኛ እንዳለችን ወደ ታች ያነባል።

ቆዳ እንደ ግንብ

የቆዳችን የመጨረሻው የላይኛው ንብርብር እጅግ ስስ ነው። አንድ ሚሊሜትር ለ100 ቢከፈል፣ በፊታችን ላይ ያለው ውፍረት ከዚያ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው። ይህ ንብርብር የሞቱ ሕዋሳት ድርድር ሲሆን፣ ሊቃውንት አሠራሩን ከግንብ ጋር ያመሳስሉታል። ሕዋሳቱ ድንጋዮቹ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ስብ ደግሞ ድንጋይን ከድንጋይ የሚያያይዘው ጭቃ ነው። የጭቃው ዋና ዋና ክፍሎች ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና የስብ አሲዶች የሚባሉት ናቸው። የግንቡም ሥራ ሁለት ነው፤ በውስጥ ያለው ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ ይከለክላል፤ በውጭ ያለው አቧራ፣ ሳሙናና ተሕዋስያንም ዘልቀው እንዳይገቡ ይጠብቃል።

ለዚህ ግንብ አንድ ተጨማሪ ጠባቂ አለው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ሻዴና ማርኪዮኒኒ የተባሉ ሁለት የጀርመን ሐኪሞች የቆዳ ገጽ ጥቂት አሲድነት ያለው መሆኑን ጽፈው «የአሲድ ካባ» የሚል ስም ሰጡት። በኬሚስትሪ ክፍል እንደተማርነው በፒ.ኤች. መለኪያ 7 መካከለኛ ነው፤ ከ7 በታች ያለው አሲድ፣ ከ7 በላይ ያለው አልካሊ ነው። የጤነኛ ቆዳ ገጽ 5 ገደማ ነው። ጭቃውን የሚያዘጋጁት ኢንዛይሞች ሥራቸውን በደንብ የሚሠሩት በዚህ አሲድነት ውስጥ ነው። አሲድነቱ ሲጠፋ ሠራተኞቹ እጃቸውን ያጥፋሉ፤ የግንቡም ጥገና ይጓተታል።

ጭቃው ሲሸረሸር ውሃ ይወጣል፤ ቆዳውም ይደርቃል፣ ይወጠራል፣ ይፈረፈራል። መግባት የማይገባውም ነገር ገብቶ የስሜት ጅማቶችን ጫፍ ይነካል። ያን ጊዜ ንጹሕ ውሃ እንኳ ይቆጠቁጣል። ስለ ማሳከክ የሚያጠኑ የልዩ ልዩ አገር ሊቃውንት በ2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ትርጓሜ፣ ስስ ቆዳ ማለት በልማድ ምንም ሊያደርግ በማይገባው ነገር ምክንያት የማቃጠል፣ የመቆጥቆጥ፣ የማሳከክ ወይም የሕመም ስሜት የሚያድርበት ቆዳ ነው ብለዋል። ከዚሁም ጋር ቆዳው ለሚያየው ሰው ምንም ያልሆነ ሊመስል እንደሚችል ገልጸዋል። እንግዲህ ባልንጀራችን «ያቃጥለኛል» ሲል «ምንም አይታይብህም» ብለን መሳቅ አይገባንም። አለመታየቱ አለመኖሩን አያስረዳም።

ምክንያቱ ከየት ነው?

አንዳንዱ በውርስ የሚመጣ ነው። በ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በስኮትላንድ በዳንዲ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎችና ጓደኞቻቸው ፊላግሪን የተባለውን የግንቡን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል ጉድለት ሲኖርበት ኤክዜማ የተባለው የቆዳ ሕመም እንደሚበረታ አሳዩ። ነገር ግን በ2011 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያውያን የኤክዜማ ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት አንድ አዲስ ለውጥ ከማግኘቱ በቀር ሌሎቹን የዚህ ዘረ መል ጉድለቶች አላገኘም። ከዚህ የምንማረው፣ ስለ አውሮፓውያን ቆዳ የተጻፈው ሁሉ በእኛ ቆዳ ላይ እንዳለ ሊገለበጥ እንደማይችል ነው።

ሌላው ምክንያት የምንኖርበት ስፍራ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረር ከመቶ 10 ያህል እንደሚጨምር የዓለም የጤና ድርጅት ያስረዳል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ፀሐዩ የበረደ ይመስለናል እንጂ ጨረሩ አይበርድም። በቀትር ባዶ ራሱን ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ የሚወርድ ተማሪ ይህን ሳያውቀው ይከፍላል። የበጋው ደረቅ አየርና ነፋስም በበኩላቸው ከቆዳው ውሃ ይመጥጣሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከንፈራችን የሚሰነጠቀውና ክንዳችን አመድ የሚመስለው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በውጭ አገር መጻሕፍት የተቆጣ ቆዳ ምልክት መቅላት ነው ተብሎ ይጻፋል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ ቦታው ይጠቁራል፣ ወይም ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል፣ ወይም አመድማ ይሆናል። ቁጣው ከበረደ በኋላም ጥቁር ነጠብጣብ ትቶ ይሄዳል፤ ይህም ለብዙ ወራት ይቆያል። ብዙዎቻችን ይህን ጥቁረት ለማስለቀቅ ብለን ቆዳውን እንደገና እናስቆጣዋለን፤ የተቆጣው ቆዳም ሌላ ጥቁረት ይጨምራል።

ስለ አረፋ

አባቶቻችንና እናቶቻችን ልብስ ያጥቡበት የነበረው እንዶድ ነው። በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ ከዚያም እንዶድ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አስመሰከሩ። ይህ ታሪክ በሌላ ምክንያት የታወቀ ቢሆንም ለእኛም ትምህርት አለው፤ አረፋ የሚያስነሣ ነገር ሁሉ ኃይል ያለው ነገር ነው።

ሳሙና የሚሠራው ስብን ከኮስቲክ ሶዳ ጋር በማዋሐድ ሲሆን፣ ፒ.ኤች.ው ብዙውን ጊዜ 9 ወይም 10 ይደርሳል። ሥራው ስብን ማንሣት ነው፤ ነገር ግን የልብሱን ቅባትና የግንቡን ጭቃ ለይቶ አያውቅም። ፊታችንን በሳሙና ታጥበን ስንጨርስ «ጥርት አለልኝ» የምንለው፣ ቆዳው በጣት ሲዳሰስ የሚንጠራጠረው፣ ብዙ ጊዜ የንጽሕና ምልክት ሳይሆን የራሳችን ስብ አብሮ የመሄዱ ምልክት ነው። ቆዳው ወደ ቀድሞ አሲድነቱ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ በሳሙና የሚታጠብ ፊት ግን ይህን ጊዜ አያገኝም። የልብስ ሳሙና ደግሞ ለሸሚዝ አንገት የተሠራ ስለሆነ ለፊት አይሆንም።

የሎሚም ነገር እንዲሁ ነው። የሎሚ ጭማቂ ፒ.ኤች. 2 ገደማ ነው። ቆዳ አሲድነት ይወዳል ብለናልና ሎሚ ይስማማዋል የሚል ቢኖር፣ ጨው የሚወድ ሰው አሞሌ አይውጥም ብለን እንመልስለታለን። ከዚህም በላይ በአንዳንድ የሎሚ ዘር ልጣጭና ጭማቂ ውስጥ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን የሚያቃጥል ነገር አለ፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ውሃ የቋጠረ ቁስልና ከዚያ በኋላ ቶሎ የማይለቅ ጥቁረት ሊያገኘው ይችላል። ብጉር ላይ የጥርስ ሳሙና መለጠፍ፣ ፊትን በስኳር ወይም በጨው መፈተግ፣ በአልኮል መጥረግ፣ እነዚህ ሁሉ የአንድ ስሕተት ልጆች ናቸው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሏል ይህ ነው።

የትንሿ ቱቦ ታሪክ

አንዲት የክፍል ጓደኛችን በመጀመሪያው ዓመት ፊቷ ላይ ጥቂት ብጉርና ነጠብጣብ ነበረባት። ሳሙና ስታበዛ ማቃጠል ጀመራት። በማደሪያዋ የሚኖሩ ሰዎች ከመደብር ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ አንድ ክሬም በትንሽ ቱቦ ገዝተው ሰጧት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ማቃጠሉ ጠፋ፤ ፊቷም ጠራ፣ ፈካ። ሁላችንም ተደነቅን፤ ክሬሙን ካመሰገኑትና ስሙን ጠይቀው ለሌላ ካወሩት አንዱ እኔ ነበርሁ።

በአራተኛው ወር ነገሩ ተለወጠ። ክሬሙን አንድ ቀን ካልተቀባች ፊቷ እንደ እሳት ይነድ ጀመር። በአፏ ዙሪያ ጥቃቅን ብጉር ወጣ፤ ቆዳው ሳስቶ የደም ሥሮች ይታዩ ጀመር፤ በጉንጯም ላይ ጠጉር በቀለ። ለመተው ስትሞክር ባሰባት፤ ስለዚህ ተመልሳ ተቀባች። በፈተና ሰሞን ፊቷን በነጠላ ሸፍና ተኛች፤ ሁለት ፈተናም ሳትፈተን ቀረች። ኋላ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ሐኪሙ አስቀድሞ ፊቷን ሳይሆን ቱቦውን አየ። በላዩ የተጻፈው ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት የሚል ነበር። ለመዳን ብዙ ወራት ፈጅቶባታል። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ እርሷ ራሷ ናት።

ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ናቸው። የእነዚህ መድኃኒቶች በኩር የሆነው ሃይድሮኮርቲዞን በቆዳ ላይ ተቀብቶ እንደሚረዳ ሱልዝበርገርና ዊተን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አስታወቁ፤ ይህም ለቆዳ ሕክምና ታላቅ እርምጃ ነበር። ክሎቤታሶል ግን ከሃይድሮኮርቲዞን በብዙ መቶ እጥፍ የሚበረታ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የደም ሥሮችን ያጠብባሉ፣ የሰውነትን ቁጣ ያፍናሉ፣ ቀለም የሚሠሩትንም ሕዋሳት ያዳክማሉ፤ ፊት በሳምንት ውስጥ የሚፈካው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ከዚሁ ጋር የቆዳውን መታደስ ያዘገያሉ፤ ግንቡን የበለጠ ያሳሳሉ። ሲቆሙ የጠበቡት ሥሮች ይለጠጣሉ፤ የታፈነውም ቁጣ ተመልሶ ይመጣል። እንግዲህ ክሬሙ በሽታውን ያዳነ ይመስላል እንጂ ዕዳውን ከወለዱ ጋር ለሌላ ቀን ያሳድረዋል።

ስቴሮይድ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ሐኪም ለተገባው በሽታ፣ ለተገባው ስፍራና ለተወሰነ ቀን ሲያዘው የብዙ ሰው ስቃይ ያስወግዳል። ክፉው ነገር እርሱን እንደ ፊት ቅባት በዘፈቀደ መቀባት ነው።

ቆዳ ለማንጣት በሚሸጡ ክሬሞች ውስጥ ሌሎችም ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው ሜርኩሪ፣ ማለት ባዜቃ ነው፤ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትንና የነርቭን ሥራ ይጎዳል። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ይህን በመዋቢያዎች ውስጥ ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ አድርጎታል። በቱቦው ላይ «ካሎሜል» ወይም «ሜርኩሪ» የሚል ቃል ያየ ሰው ዕቃውን መልሶ ያስቀምጥ። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው፤ በሐኪም እጅ የሚረዳ መድኃኒት ሲሆን፣ ያለ ተቆጣጣሪ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግን ሰማያዊ የመሰለ፣ ለማስለቀቅ እጅግ አስቸጋሪ የሆነ ጥቁረት ያመጣል። ንጥረ ነገሩ ጨርሶ ያልተጻፈበት ክሬም ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚፈራ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መልሱ አጭር ነው፤ የሚያደርቀውን ቀንሱ፣ የጎደለውን መልሱ፣ ጊዜም ስጡት። በዝርዝር ሲታይ እንዲህ ነው።

፩. መታጠብ። ጠዋት ፊትን በለብታ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ መታጠብ ለስስ ቆዳ ይበቃዋል። ማታ የቀኑን አቧራ ለማስለቀቅ ሽቶ የሌለበትና እንደ ሳሙና አልካሊነት የሌለው ማጠቢያ የሚገኝ ከሆነ እርሱን፣ የማይገኝ ከሆነ ለስላሳ የገላ ሳሙና በጥቂቱ በእጅ መዳፍ ብቻ መጠቀም ነው። ፍል ውሃ ስቡን ያቀልጣል። ፎጣውንም ጠጋ ጠጋ እያደረጉ ማድረቅ እንጂ ማሸት አያስፈልግም።

፪. ማለስለስ። ፊት ታጥቦ ውሃው ጨርሶ ሳይደርቅ ቅባት ይቀባል። ቅባቶች በሁለት መንገድ ይሠራሉ። እንደ ግሊሰሪን ያሉት ውሃ ይስባሉ፤ እንደ ቫዝሊን ያሉት ደግሞ የተሳበው ውሃ እንዳይወጣ ይከድናሉ። ቫዝሊን ቼዝብሮ የተባለ አሜሪካዊ በ1872 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የባለቤትነት መብት ያወጣበት ያረጀ ነገር ነው፤ ነገር ግን ውሃ እንዳይተን በመከልከል እስከ ዛሬ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ሽቶ የሌለበት ይመረጣል። ግሊሰሪን በውሃ ሳይበረዝ ሲቀባ ስለሚያጣብቅና ስለሚቆጠቁጥ ማቅጠን ይገባል። ብጉር የሚበዛበት ሰው ቀለል ያለ ሎሽን ቢመርጥ ይሻለዋል። የወይራ ዘይት ለቆዳ ጥሩ ነው ቢባልም በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት ግንቡን እንደሚያላላ፣ የሱፍ ዘይት ግን እንደማይጎዳ አሳይቷል።

፫. ከፀሐይ መከለል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ጃንጥላ፣ ባርኔጣ ወይም ነጠላ መያዝ ገንዘብ አያስወጣም። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ቆዳ ይልቅ ከመቃጠል የተጠበቀ ቢሆንም፣ ነጠብጣቡን የሚያጠቁረው ይኸው ፀሐይ ነው። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለመግዛት የሚችል ሰው መለኪያው 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን፣ በተለይም ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ቢመርጥ ለተቆጣ ቆዳ ይስማማዋል።

፬. መፈተን። አዲስ ነገር ከመቀባታችሁ በፊት በክንዳችሁ ውስጠኛ በኩል፣ የሳንቲም ያህል ስፍራ ላይ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ቀቡ። ምንም ካልታየ ወደ ፊት ይሻገር። ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ አትጀምሩ፤ የቆጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅምና። በዕቃው ላይ ለተጻፈ ጽሑፍም ሁሉ አትታለሉ። «ሃይፖአለርጄኒክ» የሚለውን ቃል በአሜሪካ መንግሥት በ1975 (እ.ኤ.አ.) በደንብ ሊወስነው ሞክሮ፣ ፍርድ ቤት በ1977 ሽሮበታል። ስለዚህ ቃሉ የሻጩ ቃል እንጂ የመርማሪ ምስክርነት አይደለም።

፭. መታገሥ። የላይኛው ቆዳ ከሥር ተወልዶ እስኪተካ ድረስ አንድ ወር ያህል ይወስድበታል። እንግዲህ በሦስት ቀን ውስጥ ውጤት አላየሁም ብሎ መለዋወጥ ሕንጻው ሳይደርቅ እንደ ማፍረስ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ቆዳው ሲያዥ ወይም ቢጫ ቅርፊት ሲያበጅ፣ የዐይን ቆብ ወይም ከንፈር ሲያብጥ፣ ከላይ የተባለው ሁሉ ለአንድ ወር ተደርጎ ለውጥ ሲጠፋ፣ ሐኪም ማየት ይገባል። ስቴሮይድ ያለበትን ክሬም ለብዙ ጊዜ ሲቀባ የቆየ ሰውም በድንገት ከመተው ይልቅ ቱቦውን ይዞ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ አተዋወቁም ሥርዓት አለውና። ቱቦውን ለማሳየት ማፈር አያስፈልግም።

ከዚህ ተለይቶ፣ የማያቃጥል፣ የማያሳክክ፣ ይልቁንም ሲነካ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ስፍራ በገላው ላይ ያየ ሰው አይዘግይ፤ ይህ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። በሽታው ዛሬ በመድኃኒት የሚድን ነው፤ በጊዜ ከተያዘም አካል አያጎድልም። በአዲስ አበባ በ1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ትምህርት የተቋቋመው አለርት ዛሬ የቆዳ በሽታዎችን በጠቅላላው የሚያክም ሆስፒታል ነው።

በመጨረሻ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። የዚያች ጓደኛችን ፊት የተጎዳው በጠላት እጅ አይደለም፤ በእኛ በወዳጆቿ ምክርና ምስጋና ነው። ከእንግዲህ አንድ ባልንጀራ «ፊቴን ያቃጥለኛል» ሲለን ቱቦ ከማቀበላችን በፊት «በምን ትታጠባለህ? ምን ትቀቢያለሽ?» ብለን እንጠይቅ። ቱቦ ካለም ጽሑፉን አብረን እናንብብ። ይህን ማድረግ ከአንድ ተማሪ አቅም በላይ አይደለም።